መሣሪያ ከልጄ ሰርግ ዳስ በር ላይ እንዲቀር ስለመለመን

ለተከበራችሁ ሕግ አውጪዎቻችን፣

እንደምን ከርማችኋል? ጤናችሁ፣ ወንበራችሁ፣ የስብሰባ ሻያችሁ ሁሉ ደኅና ነው? እኛ መካነ ሰላም ያለነው፣ ሰርግ በሌለበት ቀን፣ እግዜር ይመስገን ደኅና ነን።

እኔ ወርቂቱ የምባል የሁለት ልጆች እናት ስሆን፣ የመሣሪያ ሕጉን ለማጥበቅ ሳትቸኩሉ በትዕግሥት ስላቆያችሁን ከልብ እያመሰገንሁ፣ የትዕግሥታችሁን ፍሬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. አምና ወንዱን ልጄን ስድር የባለቤቴ ወንድም ጋሹ ደስታውን በክላሽ ገለጸ። ደስታውም የጎረቤቴን የሀጀራን ሮቶ፣ ልጇ ዓረብ አገር ሠርታ የገዛችላትን የውኃ ታንከር፣ ወገቡ ላይ አገኘው። ውኃው በሚዜዎቹ ላይ ሲወርድ ዕድምተኛው በጥር የዘነበ በረከት ነው ብሎ እልል አለ። ጋሹም እልልታው ለእሱ መስሎት ደገመ።

2ኛ. የደገመውን ሰማይ አልተቀበለውም። ተመልሶ ዳሱን ቀደደና የሙሽሪት ወንበር ላይ ዐረፈ። ምራቴ የሽማግሌ ጉልበት ልትስም ገና መነሳቷ ነበር። እንግዲህ በአካባቢያችን በሥራ ላይ ያለው የመሣሪያ ቁጥጥር ጉልበት መሳም ብቻ ስለሆነ፣ ሙሽራ እንዳትቀመጥ የሚያዝ መመሪያ ብታወጡ እንኳ አንጠላም። ሀጀራ አልሀምዱሊላህ፣ ከምራትሽ የእኔ ሮቶ ይመታ ብላ አቀፈችኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እልልታ በሰማሁ ቁጥር ቀና ብዬ ሰማዩን አያለሁ።

3ኛ. ዘንድሮ ደግሞ ሴቷ ልጄ ሉሊት ትዳራለች። እንግዳን መሣሪያህን አስቀምጥ ማለት በእኛ ዘንድ ሱሪህን አውልቅ ከማለት አይለይም። ጋሹን ብከለክለው ከባለቤቴ ዘመዶች ጋር እስከ ልጅ ልጅ መቀያየሜ ነው። ስለዚህ እባካችሁ እናንተ ከልክሉልኝ። መሣሪያ ዳስ በር ላይ ይቀራል፣ ሰርግና ለቅሶ ላይ የሚተኩስ ይቀጣል የሚል የማያወላዳ ሕግ አውጡልኝ። እኔም ምን ዓይነት ደስታ የማያውቁ ሰዎች ናቸው እያልሁ ጋሹን አጽናናዋለሁ። እናንተ እንደሆን መታማት ለምዳችኋል።

ነገሩ ከባህል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጥናት ያስፈልገዋል ማለታችሁን ሰምቼ በጥልቀታችሁ ተደንቄያለሁ። ጥይቱም ጥናቱ እስኪያልቅ አየር ላይ ሆኖ እንዲጠብቅ ጋሹን እለምንላችኋለሁ።

ከላይ ምንም የማይወርድበት ረጅም ዕድሜ የምመኝላችሁ፣ የልጄን ዳስ በሸራ ላልብሰው ወይስ በብረት እያልሁ የምጨነቅ አክባሪያችሁ፣

ወርቂቱ
ከመካነ ሰላም

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ይህን ደብዳቤ በእጄ ላደርስ መጥቼ ስብሰባ ላይ ናችሁ ተብዬ ተመልሻለሁ። ስገባ የበራችሁ ጥበቃ ዘንቢሌን ፈትሾ የሽንኩርት ቢላዬን አስቀረ፤ ስወጣም በትሕትና መለሰልኝ። እኔም አልተቀየምሁም፣ ባህላችንም አልተጎዳም። ስለዚህ ሕጉን ማውጣት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ልጄን ለሰርጓ ቀን ብቻ የምክር ቤት አባል አድርጉልኝ።