«ማንንም አላውቅም» ብለህ የፈረምከው

ለአንድ ሰሞን ወዳጄ፣

እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህስ? ልማድ ነውና ጠየቅሁ እንጂ ባለፈው ወር ሦስት ቀን ሙሉ በዓይኔ በብረቱ አይቼሃለሁ፤ ወፍረሃል፣ ደልቶሃል። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ እንደምታውቀው ነው። ወደቡ በሳምንት ሁለት ቀን ይዘጋል፤ የማገዶ እንጨቱም እርጥብ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ከዋና ከተማው ከሳንቲያጎ ሦስት ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው ሲባል እዚህ ስንት ጉድ እንደተሠራ አታውቅም። እውቅናው ካልታደሰ የመምህራን ትምህርት ክፍላችን አዲስ ተማሪ መቀበል በሕግ ይከለከላል፤ ከዚያ መዘጋት ነው። ዲናችን ዶን ሩዴሲንዶ «ተመራቂያችሁ ምን ዓይነት መምህር ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን በካርድ አሳትሞ ለየተማሪው አደለ፤ የሽንት ቤት በር ሳይቀር ለጠፈበት። ልጆቹም ሸመደዱት። አንደኛው እናንተ ገምጋሚዎቹ ፊት ቆሞ እስከ ማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር ድረስ በቃሉ ሲወጣው ሳቃችሁ ኮሪደሩ ድረስ ተሰምቶኛል። ይሳቅብን፣ ይገባናል።

በመምህራኑ ስብሰባ ላይ ግን እጄን ጨብጠህ «ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል፣ ፕሮፌሶራ» አልከኝ። ዓይንህን በጨው ታጥበህ! «እኔም» አልኩ። ኋላ ጸሐፊያችን ዶኛ ኖልፋ ፋይሉን ስታሳየኝ ገባኝ። ገምጋሚ ከመምጣቱ በፊት እዚያ ዘመድም፣ ወዳጅም፣ ጠበኛም እንደሌለው ይፈርማል። አንተም ፈርመሃል።

ከዚያ ተማሪዎቹን ለብቻቸው ሰበሰባችሁ። ስም ስትጠራ አንዷ ላይ እንደቆምክ ልጆቹ ነግረውኛል። ያስና ማንሲያ ማንሲያ። ሰው ሁሉ አንዱን ስም ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ በሚይዝበት አገር የሷ ሁለቱም የኔ ናቸው። ውሃ ጠጣህ አሉ። ከዚያም «በተግባር ልምምድሽ ጊዜ ማን ይከታተልሽ ነበር?» ብለህ ጠየቅካት።

እሷ ካርድ አላጠናችም። «ማንም» አለች። ከባሕሩ ማዶ ባለች ትምህርት ቤት፣ የሦስት ክፍል ሕፃናት አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀው፣ አሥራ አንዱን ብቻዋን ስታስነብብ ክረምቱን ሙሉ ከዩኒቨርሲቲው አንድ ሰው ዝር እንዳላለ ነገረችህ። ሌላ ሰው ጠፍቶ ተቆጣጣሪዋ እኔ ነበርኩ። ወደቡ ይዘጋል፤ በሚከፈትበትም ቀን ሌሎች ሃያ ሦስት ተማሪዎች አሉብኝ። ሄጃለሁ ብዬ ግን መዝገቡ ላይ ፈርሜያለሁ። ይኸው፣ እኔም ተናዘዝኩ።

ሪፖርትህ መጣ፤ እውቅናው አይታደስ ይላል። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ «ተማሪዋ በሚያስፈልጋት ጊዜ ብቻዋን ተትታለች፤ ኃላፊነት የሚወስድም ሰው አልተገኘም» ብለህ ጽፈሃል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንተ? አንተ ነህ ይህን የምትጽፈው? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ያስና በመጪው ግንቦት ሃያ ሁለት ዓመት ይሞላታል። አንተ በመስከረም ነበር የተሳፈርከው። ማርገዜን ነግሬ በታኅሣሥ የጻፍኩልህን ደብዳቤ ፈርመህ የወሰድክበት የፖስታ ቤት ደረሰኝ ዛሬም እጄ ላይ አለ። ደግሞ የሚያናድደኝ፣ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ የጻፍከው እውነት መሆኑ ነው።

ለሪፖርቱ መልስ የምንሰጥበት አሥራ አምስት ቀን ነበረን። ዶን ሩዴሲንዶ በየቢሮው እየዞረ «እስቲ እባካችሁ አንዲት ስህተት ፈልጉልኝ! የነጠላ ሰረዝም ብትሆን!» ይላል። አንዷ እኔ ዘንድ ነበረች። ገምጋሚው ዋሽቶ ፈርሟል ካልኩ ሪፖርትህ ይቀደዳል፣ ስምህ ይጠፋል፣ ሌላ ገምጋሚ ይላካል፤ እኛም ለመስተካከል ጊዜ እናገኛለን። ጻፍኩት። ሁለት ገጽ፣ ከነደረሰኙ ፎቶ ኮፒ።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ልጄ ሚልካኦ የምንለውን የድንች ቂጣ ትጠብሳለች፣ እኔ ድንቹን እፍቅላታለሁ። ጓደኞቿ «ክፍሉን ያስዘጋሽው አንቺ ነሽ፣ ምላሳም!» ብለው ማናገር ትተዋታል። «ቆጨሽ?» አልኳት። «ምን ይቆጨኛል?» አለችኝ። «እማ፣ ያ ሰውዬ እኮ ደህና ሰው ነው። ስናገር አላቋረጠኝም። ስንጨርስ ተነስቶ ‹አንቺ ጎበዝ አስተማሪ ነሽ› አለኝ። እንደዚያ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም።»

እኔም ብያት አላውቅም።

ቀትር ላይ ማስገቢያው ተዘጋ። ሁለቱን ገጾች አላስገባሁም፤ ሆድ ይፍጀው አልኩ። መቶ ስልሳ ተማሪ፣ አሥራ አራት መምህር፣ የኔም እንጀራ አብሮ ሄደ። ዶን ሩዴሲንዶን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። ለአንተ ብዬ ያደረግሁት እንዳይመስልህ፤ አመሰግናለሁ ብለህ ብትጽፍ ሳልከፍት እመልስልሃለሁ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ለሌላ ነው። ያስና የቢሮህን አድራሻ ሪፖርቱ ላይ አግኝታለች። በታኅሣሥ የምትመረቅበትን ጥሪ ልትልክልህ ነው። ለአንድ ተመራቂ ሁለት የእንግዳ መቀመጫ ይሰጣል፤ አንዱ የኔ ነው፣ ሁለተኛውን ለማን እንደምትሰጠው ሳምንት ሙሉ ስታስብ ከርማ ላንተ አደረገችው። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። ከመጣህ፣ የሚባለውን የምትላት አንተ ነህ፤ እኔ አላግዝህም። ካልመጣህ ባዶው ወንበር ከጎኔ ነው የሚሆነው፤ እሷ ከመድረኩ ላይ ሆና ታየዋለች።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ለታኅሣሥ ያድርስህ።

የያስና እናት