ከአሥራ አራተኛው ጉድጓድ በኋላ ያላየሁት

እሑድ፣ ከሰዓት

ደወልኩ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፍቼዋለሁ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ለልጄ ለሩት ዛሬ የውድድሩ የመጨረሻ ቀን ነው። የዓመቱም መጨረሻ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ውስጥ ከገባች የሚመጣው ዓመት ቦታዋ አይነካም፤ ካልገባች ከታች እንደገና ትጀምራለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ጎልፍ ሥራዋ ነው። እሷ ሰሜን በኩል ትጫወታለች፣ እኔ እዚህ ጀርመን፣ ጋሉስ የሚባለው ሰፈር፣ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ በኢንተርኔት በቀጥታ አያለሁ።

አሥራ አራተኛው ጉድጓድ ላይ ኳሷ አሸዋ ውስጥ ገባ። ካሜራው ተጠጋ። ዱላውን ወደ ኋላ ስታነሳ ጫፉ አሸዋውን ዳሰሰው። ጥቂት ቅንጣት ብን አለ። አየሁት። ከዚያ መታች፣ ቆንጆ አድርጋ አወጣችው፣ አሸዋውን በመጥረጊያው አስተካከለች። እጇን አላነሳችም። ዳኛ አልጠራችም።

ከመምታት በፊት አሸዋ መንካት ሁለት ምት ቅጣት ነው፤ በጎልፍ ደግሞ የሚያሸንፈው ምቱ ያነሰው ነው። ምነው ይህን ባላወቅሁ።

ጨዋታውን ያስተማረኝ ሰው የለም። ከከተማው ደቡብ፣ ጫካው ውስጥ ባለ ክለብ የልብስ መቀየሪያ ክፍሎቹን አጸዳለሁ፣ ፎጣ አጥባለሁ፤ ሃያ ዓመት ሆነኝ። ከቅርጫት ያነሳሁት ሽፋን የሌለው የሕግ መጽሐፍ አለኝ። ሰዎች ጥለውት ከሚሄዱት ጋዜጣ የቀደድኳቸው ወረቀቶች አሉኝ። ጀርመንኛውንም ግማሹን የተማርኩት ከእነሱ ነው። አንዱ ወረቀት ላይ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ደውሎ የተጫዋች ጥፋት እንዳመለከተ ተጽፏል። ጥቆማው የመጣው ተጫዋቹ የውጤት ካርዱን ከፈረመ በኋላ ስለነበር፣ ከውድድሩ አስወጡት።

እኔ ካየሁት ሌላም ሰው አይቶታል ብዬ አሰብኩ። ያ ሰው ይደውላል። ሩት ፈርማ ከሆነ ያስወጧታል። አጭበርባሪ ይሏታል። በዚያ ሜዳ ላይ የእሷ መልክ ያላት ሌላ የለችም፤ ስሟን ለማጥፋት ብዙ አይፈጅባቸውም። ከመፈረሟ በፊት ከታወቀ ግን ሁለት ምት ብቻ ነው። ስልኳ ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ ነው። የቀራት አራት ጉድጓድ ነው።

የውድድሩን ቢሮ ቁጥር ከድረ ገጹ አገኘሁት። አንድ ወጣት አነሳ። ጨዋ ነው። «ይቅርታ፣ ከተመልካች ጥቆማ አንቀበልም» አለኝ። እዚያው ሊያበቃ ነበር።

«ተመልካች አይደለሁም። እናቷ ነኝ። ስማችን አይመሳሰልም፣ እኛ ዘንድ ልጅ የአባቷን ስም ነው የምትይዘው፣ ግን እናቷ ነኝ» አልኩት።

ይህን ዓረፍተ ነገር ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ስለው ኖሬአለሁ። ለሐኪሙ፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለፓስፖርት ተቆጣጣሪው። ሳላስበው ነው የሚወጣው። ወጣቱ ትንሽ ይጠብቁ ለማለት «ሞመንት ቢተ» አለ። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፣ ዋና ዳኛው እኔ ነኝ አለ። ስንተኛው ጉድጓድ ላይ ነበር አለኝ።

ነገርኩት።

እሑድ፣ ትንሽ ቆይቼ

ሩት ደወለች። «ማማ፣ ቫስ ሃስት ዱ ገማኽት?» ምን አደረግሽ ማለቷ ነው። ሦስት ጊዜ አለችው። ለማስረዳት ስጀምር ዘጋች።

ሃያ ሁለተኛ ሆናለች። ሁለቱ ምት ባይቆጠር አሥራ ዘጠነኛ ነበረች።

ሰኞ

ሥራ ገባሁ። የምሠራው ምድር ቤት ነው፤ በመስኮቱ የሚታየው ሣርና የሰው ጫማ ብቻ ነው። ሩትን ያሳደግኳት እዚያ ነው ማለት ይቻላል። አባቷ ጥሎን ሲሄድ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ ቅዳሜና እሑድ የምተዋት ሰው አልነበረኝም። አንዲት አሮጊት አባል ዱላ አሳጥረው ሰጧት። ከመስኮቱ ውጭ ኩባያ አጋድማ ኳስ ታስገባ ነበር። እኔ የማየው ጫማዋን ብቻ። ስትጨርስ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ትላለች።

«ስንት አስገባሽ?»

«ሰባት።»

«ሰባት ነው» እልና ከፎጣ ማድረቂያው ጀርባ ግድግዳው ላይ በጠመኔ እጽፈዋለሁ። አንድም ቀን ከስንት ብዬ አልጠየቅኩም። አንዳንድ ቀን ሁለት ትላለች፣ አንዳንድ ቀን ዜሮ ብላ ታለቅሳለች። ቁጥሮቹ ዛሬም እዚያው አሉ። ዛሬ ላያቸው አልቻልኩም፣ ማድረቂያውን ወደ ግድግዳው ገፋሁት።

አብራኝ የምትሠራው ዳኑታ ወሬውን ስልኳ ላይ አይታዋለች። ፖላንድ ነው አገሯ፣ ነገር አታድበሰብስም። «እናት ልጇን ጠቆመች ይላል። እውነት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«የእኔ እናት ለፖሊስ እንኳ ዋሽታልኛለች» አለች። ከዚያ ደነገጠችና ፎጣውን ከእጄ ወስዳ አጠፈችልኝ።

ከሁሉ የከፋው የሴቶቹ መቀየሪያ ክፍል የሰማሁት ነው። ወለል ስጠርግ ሁለት አባሎች ስለ እኔ ያወራሉ፣ እኔ መሆኔን አያውቁም። አንዷ «እንዲህ ያለች ቅን እናት! ልጅቷ እኮ ዝም ብላ ልታልፍ ነበር» አለች። ዝም ብላ ልታልፍ ነበር። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር።

ለሩት አምስት ጊዜ ደወልኩ። አላነሳችም።

ማክሰኞ

የክለቡን ጸሐፊ አዲሱን የሕግ መጽሐፍ ለመንኳት። መሳቢያዋ ውስጥ ሞልቶ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ መጠየቅ አፍሬ ከቅርጫት ስለቅም፣ የሚያስፈልገው አንድ «እባክሽ» ብቻ ነበር።

በምሳ ሰዓት አነበብኩት፣ ያልገባኝን ጸሐፊዋ አስረዳችኝ። ከእኔ መጽሐፍ ወዲህ የተለወጠው ይህ ነው፦

ትልልቆቹ ውድድሮች ተመልካች ሲደውል መስማት ትተዋል።

ተጫዋች ያላወቀው ቅጣት ካርድ ከፈረመ በኋላ ቢገኝ ቅጣቱ ይደመርበታል እንጂ አይባረርም።

ካሜራ ብቻ የሚያየውን፣ በዓይን የማይታየውን ቅንጣት አሸዋ እንደ ጥፋት አይቆጥሩትም። ተጫዋቹ ራሱ ካልተሰማው በቀር።

ሦስተኛውን ደጋግሜ አነበብኩት። ዳኛው በካሜራው ሊቀጣት አይችልም ነበር። የቀጣት እሷ ስለተናገረች ነው። ወሬው ላይ እንደተጻፈው፣ ጠየቋት፣ ተሰምቶኛል አለች።

እኔ ባልደውል የሚጠይቃት አልነበረም። የፈራሁት ሰው፣ ያ ሶፋው ላይ የተቀመጠው ሰው፣ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

አሮጌውን መጽሐፍ ልጥለው ቅርጫቱ ድረስ ወሰድኩት። መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ረቡዕ

ጋሽ በላቸው ዘንድ ሄድኩ። ሁለት መንገድ አልፎ ነው ቤታቸው። ተማሪ ሆነው መጥተው፣ መሐንዲስ ሆነው ሠርተው፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ እዚህ ጋሉስ ያለ ሐበሻ ሲጣላ ሽማግሌው እሳቸው ናቸው። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ጎልፍ ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ያንቀላፉ መስሎኝ ነበር።

«ቆይ፣ ማነው ማንን ይቅርታ የሚጠይቀው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ሩትን።»

«እናት ልጇን? እኔ ጉልበት ስማ የምትነሳ ልጅ አይቻለሁ። ልጇ እግር ላይ የምትወድቅ እናት አላየሁም። አይሆንም።»

«አላናግር አለችኝ። እርስዎ ካልሄዱልኝ በሩንም አትከፍትልኝም።»

 «እናቴ አንድ ቀን ያለ ጥፋቴ መታችኝ» አሉ። «ይቅርታ ሳትለኝ ሞተች። ሰማንያ ሊሞላኝ ነው፣ ዛሬም ይቆረቁረኛል።» ተነሡ። «ነገ በስንት ሰዓት ነው? ኮቴን ላስተኩስ።»

ሐሙስ

ሪድበርግ ወደሚባለው ሰፈር በኡባን፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ ሄድን። ሩት እዚያ ከጓደኛዋ ጋር ተከራይታለች። ጋሽ በላቸው ኮትና ከረባት፣ ከዘራ። መንገድ ላይ ሁሉ አዲስ ሕንፃ ነው፤ «ይህ ሰፈር ዛፉ ሳይቀር ተከራይ ነው የሚመስለው» አሉ።

ሩት በሩን ከፈተች። ከስታለች። እኔን አላየችም፣ እሳቸውን ሳመች። «ይቀመጡ ጋሼ።» ከዚያ በጀርመንኛ ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ አለች።

«ደንቡ ሦስት ሽማግሌ ነው» አሉ ጋሽ በላቸው። «አንዱ ወገቡን ታሞ ተኝቷል፣ አንዱ ልጁ ዘንድ ሄዷል። እኔን ስለ ሦስት ቁጠሪኝ።» ትንሽ ፈገግ አለች። ለእሳቸው።

ተነሥቼ ይቅርታ ልላት ወደ እግሯ ጎንበስ ስል ዘላ ያዘችኝ። «ማማ፣ ኒሽት! ተይ!» ያዘችኝና ወዲያው ለቀቀችኝ። እጇ የነበረበት ቦታ አሁንም ይሰማኛል።

ከዚያ ተናገረች። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በጀርመንኛ።

«እግር ኳስ ዳኛ አለው። እኛ ዘንድ ሰው በራሱ ላይ ነው የሚመሰክረው። እኔ ይህን ጨዋታ የወደድኩት ለዚህ ነው። ዱላው አሸዋውን ሲነካ የተሰማኝ መሰለኝ፣ እርግጠኛ አልነበርኩም። የአሥራ አምስተኛው ጉድጓድ መነሻ ላይ ዳኛው በጋሪ ሲያልፍ እጄን አነሣሁለት። አላየኝም። ካርዱን ከመፈረሜ በፊት እነግረዋለሁ ብዬ ቀጠልኩ። አራት ጉድጓድ ሙሉ ይህን ብቻ እያሰብኩ ተጫወትኩ። ጨርሼ ስገባ ዳኛው ቀደመኝ። እናትሽ ደውላለች አለኝ። ከዚያ በኋላ ያልኩት ሁሉ የተያዘ ሰው ቃል ሆነ።»

ጋሽ በላቸው ዓይናቸውን ከዘራቸው ላይ ተከሉ።

«ሃያ ሁለተኛ መሆኔ አይደለም» አለች። «እሱን እንደገና እሠራዋለሁ። ታምኚኛለሽ?»

ይህን በአማርኛ ነው ያለችው። አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። አንድ ትንፋሽ ዘገየሁ። አንድ ትንፋሽ ብቻ፤ ያ አሸዋ ብን ሲል ዓይኔ ላይ መጥቶብኝ ነው። አየችው። ልጄ ናት፣ ፊቴን ታውቃለች።

«ቪዲዮው አለ» አለች በጀርመንኛ። «ሂጂና እይ። ማየት ትችይበታለሽ።»

በኡባን ተመለስን። ጋሽ በላቸው ሲወርዱ «እኔ ሽማግሌ ሆኜ እንዲህ የተረታሁበት ቀን የለም» አሉ።

ዓርብ

ምንም የለም። ፎጣ። ዝናብ ስለነበር ሜዳው ላይ ሰው አልነበረም። 

ቅዳሜ

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ቪዲዮው እሑድ ያቆምኩበት ቦታ ላይ ነው። ሩት ጀርባዋን ሰጥታ፣ መጥረጊያውን ይዛ አሸዋው ውስጥ ቆማለች። ከዚህ በኋላ ያለውን አላየሁም፤ ስልክ ላይ ነበርኩ። አሥራ አምስተኛው መነሻ ከዚህ ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው።

አንዴ መጫን ነው። እጇን አንሥታ ካየሁ ይቀለኛል። ካላየሁስ? ካሜራው ሌላ ተጫዋች ያሳይ ነበር ይሆናል።

ግን ብታነሣስ? ዛሬ አይቼ ነገ አምንሻለሁ ብላት፣ ያመንኩት ካሜራውን ነው። ያኔ ምድር ቤት ሆኜ ጫማዋን ብቻ እያየሁ አምናት ነበር። ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ዜሮ ነው ብላ ታለቅስ የነበረች ልጅ ናት። እሑድ ግን በቅርብ፣ በጥሩ ብርሃን አየኋትና ሳላምናት ቀረሁ።

አልጫንኩትም። ገጹን ዘጋሁት።

ጻፍኩላት። ፊደል ቀስ ብላ ነው የምታነበው፣ ስለዚህ አሳጠርኩት፦ «ሩትዬ፣ ቀሪውን አላየሁትም። አላየውምም። እጄን አነሣሁ ካልሽ አንሥተሻል። ሐሙስ ዕለት ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ።»

አንብባዋለች። መልስ የለም።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ጋሽ በላቸው በዓይናቸው ጠየቁኝ። ራሴን ነቀነቅኩ፤ ምንም የለም።

አሁን ስጽፍ የማስበው፣ ምናልባት አንድ ትንፋሽ የሚያህል ነገር የማይጠገን ይኖራል። እድሜ ልኬን ከእሷ ጋር በየቢሮው «እናቷ ነኝ» ስል፣ ማንም ማስረጃ ሳይጠይቀኝ የቀረበት ቀን የለም። ምን ያህል እንደሚያም ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እኔም ከልጄ ማስረጃ ጠበቅኩ።

ሰኞ

አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሁለተኛው ማሽን ሊጨርስ ሲል ስልኬ ነዘረ።

ሩት ናት። ከውድድሩ ወዲህ ሳትለማመድ ቆይታ ዛሬ ሜዳ መውጣቷ ይመስለኛል። በአማርኛ ፊደል ነው የጻፈችው። ሰላምታ የለውም፣ ማማም የለውም።

«ዛሬ ሰባት።»

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዳኑታ ምን ሆንሽ አለችኝ። ማድረቂያውን ከግድግዳው እንድታስለቅቅልኝ ለመንኳት፣ ለሁለት ሆነን ጎተትነው። ጠመኔ ፈልጌ ከአሮጌዎቹ ቁጥሮች ሥር ጻፍኩት።

«ሰባት ነው» ብዬ መለስኩላት።

ከስንት ብዬ አልጠየቅኩም።