ሳሎን ስለሰቀልሽው ፎቶዬ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃው አሁንም ያስቸግርሻል? አባዬንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ሐሳብ ነው እህል ያስጠላኝ።

እህቴ ስትደውልልኝ፣ መሥሪያ ቤት የተነሳሁትን ፎቶዬን ለመጣው እንግዳ ሁሉ እያሳየሽ፣ «ያ ሁሉ ሰው ሲያደንቃት እንኳ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ጨዋነቷን እዩልኝ» እንደምትይ ነገረችኝ። እማዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ አንድ ማሽን ከመሠራቱ በፊት አየሩ ወይም ውሃው በውስጡ እንዴት እንደሚፈስ በኮምፒዩተር ማስላት ነው። አሁን ኳንተም የሚባል አዲስ ዓይነት ኮምፒዩተር እየሞከርን ነው። ተስፋ አለው፣ አልዋሽሽም። ግን ገና ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ነው። እስካሁን የቻለው አየር በአንዲት ቀጭን ቱቦ ሲያልፍ ማስላት ብቻ ነው፤ እሱንም ስንጠይቀው ቁርጥራጭ መልስ ይሰጠናል፣ ያውም ስህተት የበዛበት። ፎቶው ላይ ከኋላዬ የምታዪው በቀይና በሰማያዊ ያሸበረቀ የነፋስ ሥዕል የእሱ አይደለም። እኔው በድሮው ኮምፒዩተር የሠራሁት ነው።

ያን ቀን የሆስፒታል አየር ማናፈሻ የሚሠሩ የፋብሪካ ሰዎች ሊጎበኙን መጥተው ነበር። አንዷ መሐንዲስ ይሄን ሥዕል ያወጣው አዲሱ ኮምፒዩተር ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አለቃዬ ፈጠን ብሎ አዎ አለና ወደኔ ዞረ። ቤት ውስጥ አፈ ጮሌ የምትዪኝ እኔ ጉደኛዋ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ አዎ በሚል ራሴን ነቀነቅኩ። ካሜራው ያነሳኝ ያኔ ነው። ጨዋነት አይደለም እማዬ፤ ለውሸት አዎ እያልኩ ነው።

ነገ የፋብሪካው ሰዎች ውል ሊፈርሙ ይመጣሉ። እኛን አምነው የድሮውን ስሌታቸውን ሊተዉት ነው። ያንን አየር የሚተነፍሰው ደግሞ በሽተኛ ነው። ለአለቃዬ ብነግረው፣ ዝም በይ፣ አዲሱ ኮምፒዩተር ቆይቶ ይደርስበታል አለኝ። ነገ ለመሐንዲሷ እውነቱን በፊቱ እነግራታለሁ። ሊያባርረኝ ይችላል። ይሄን ደብዳቤ ወደ ሥራ ከመግባቴ በፊት ፖስታ ቤት እጥለዋለሁ፤ አንዴ ከጣልኩት ወደኋላ ማለት አልችልም። እኔ እንደሆንኩ ፈሪ ነኝ፣ ታውቂኛለሽ። አሳፍሬሻለሁና ይቅር በይኝ።

እህቴን ከነመንታዎቿ ሳሚልኝ። ትንሹን ወንድሜን ጆሮውን ቆንጥጪልኝ፣ ናፍቆኛል። ፎቶውን አባዬ ያውርደው፣ አንቺ ወንበር ላይ እንዳትወጪ። በእጁ የሠራውን ፍሬም ግን እንዳይጥለው። ባዶውን መልሳችሁ ስቀሉት፤ እንግዳ ከጠየቀሽ፣ ልጄ ሌላ ፎቶ ልትነሳ ነው በይልኝ።

ልጅሽ፣
ከተከራየኋት ክፍል፣ እሑድ፣ ሚያዝያ 11