ማናዬ ያስቀደደችው ቦይ

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆችስ ደኅና ናቸው? እኛ ክረምቱ እግራችንን ከጭቃ አላስወጣ ብሎን እንጂ፣ ክብር ለሱ ይሁን፣ አለን።

በፋሲካ መጥተህ ማናዬን ስጪኝ፣ ባሕር ዳር ላስተምራት ስትለኝ የመለስሁልህን ክፉ ቃል አልረሳሁትም። አንድ ልጄን! ያኔ የተውህላት ስልክ ደግሞ ቁጣዬን አባሰው። ጌም ይሉታል፤ የተቆራረጠ ቧንቧ እያዞሩ መግጠም ነው፣ ውኃው ሳይፈስ ከዳር እስኪደርስ። እሱን ከያዘች ብጠራት አትሰማ። አንድ ቀን ጥጃው ተፈቶ ላሚቱን ጥርግ አድርጎ ሲጠባት፣ እሷ እዚያው አጠገቡ ቧንቧ ትገጥማለች! ልጄ አእምሮዋን ተነጠቀች ብዬ ነፍስ አባታችን ዘንድ ከሰስኋት፤ ስልኩን እንዳትነካም አስገዘትኋት።

ግዝቱን አከበረች። ግን ምን ታደርጋለች መሰለህ? ጭቃ ላይ በእንጨት እያሰመረች ያንኑ ትጫወታለች።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ አላባራ ብሎ ሩዛችን በውኃ ተዋጠ። ድንበሩን ብከፍተው ከታች ያለው የጎረቤታችን የባየህ ማሳ ይሰጥማል፤ ብተወው የኔው ይበሰብሳል። እንደ ዓምናው ልንደባደብ ስንል ማናዬ መሐላችን ገባች። መጀመሪያ ከባየህ ማሳ ግርጌ ወደ ርብ ወንዝ ቦይ ቅደዱ፣ የሱ ውኃ ሲጎድል የኛን ክፈቱ አለችና መሬት ላይ ሥላ አሳየችን። ባየህ ሳቀ። ቆይቶ ሥዕሉን አየና ዶማውን አነሣ። በሦስተኛው ቀን የሁለታችንም ሩዝ ቀና አለ። እኔ ሃያ ዓመት ያረምሁት መሬት ነው፤ የየራሳችንን ድንበር ስናይ ሁሉን ባንድ ያየችው እሷ ብቻ! አሥራ አንድ ዓመቷ እኮ ነው! ኮራሁባት፣ ወንድሜ፤ አለቀስሁም።

ግዝቱን ይፍቱልኝ ብዬ ብሄድ ነፍስ አባታችን ስቀው ፈቱትና፣ መገዘትስ አንቺን ነበር አሉኝ።

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልህ ራሷ ናት። ስልኩን ለአጎትሽ መልሰሽ እሑድ ትመጫለሽ ብያታለሁ። ስልኩን ተውላት፤ ስትጠራት ካልሰማችህ ግን ተቆጣት። ጨለማ ትፈራለች፣ መብራት አታጥፉባት።

ፈጣሪ ቤትህን ያስፋልህ፤ እሷንም በልጆችህ ዓይን ያስወድዳት። ፌስታሉ ውስጥ፣ ከልብሷ ሥር፣ እሷ ሳታውቅ ያስቀመጥሁት የትምህርት ቤት መሸኛዋ አለ።

እኅትህ፣
ከወረታ ዳር