ፈቃድ ሰጪ አካል

ውድ ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን፤

ሰላመ እግዚአብሔር ከአንቺና ከሰባ ሁለቱ ተማሪዎችሽ ጋር ይሁን። እኔ፣ ስሙ ይመስገንና፣ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። የማስተማር ፈቃድሽ ታድሷል፤ ደስ ይበልሽ። ነገር ግን ልናዘዝልሽ ይገባኛል፤ ሌላውን ንስሓ ግባ ሲል የኖረ አፍ ለራሱ ሲሆን ይተሳሰራል።

ውክልናውን፣ የሞላሽውን የእድሳት ቅጽና ክፍያውን በላክሽልኝ ጊዜ በስልክ ያልሽኝ ከልቤ አልወጣም ነበር፦ «አባዬ፣ ለማስተማር የሚከፈለኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከፋይዋ እኔ ነኝ። እስከ ዓርብ ካልታደሰ ጠመኔውን አስቀምጣለሁ።» ሳቅሽ፤ እኔ ግን ከሳቁ ሥር ድካምሽን ሰማሁ።

ሐሙስ ጠዋት ገንዘቡን ከፍዬ ከመሥሪያ ቤቱ መስኮት ፊት ተሰልፌ ቅጹን ብመለከት አንድ ባዶ ቦታ አገኘሁ፤ «ፈቃድ ሰጪ አካል» ይላል። በጥድፊያ የዘለልሽው መሰለኝ። ብዕሬን አውጥቼ፣ በምታውቂው በቁም ጽሕፈቴ፣ «ልዑል እግዚአብሔር» ብዬ ሞላሁት።

ጸሐፊዋ አነበበች፤ ቀና ብላ አየችኝ፤ ደግማ አነበበች።

«አባቴ፣ እሱስ ሰጥቷል» አለችኝ በትሕትና፤ «የቀረው የእኛ ማኅተም ነው።»

ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ መምህር፣ «እዚያስ ክፍያው ስንት ነው? ወረፋ እንቀይር» ቢል ሰልፉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ኃላፊውን ከቢሮው አወጣው። ቅጹን ተቀብሎ ስሕተቴን አንብቦ ፈገግ አለ፤ ከዚያም ዓይኑ ዝቅ ብሎ የአገልግሎት ዘመንሽ ላይ አረፈ፤ ሃያ ሁለት ዓመት። ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማሩ እንዳይከፍሉ የሚያዝ መመሪያ ለካ ከወር በፊት ደርሶ በመሳቢያው ተኝቶ ኖሯል። መብራት አብርቶ ከዕንቅብ በታች ማኖር ይህ አይደለምን? ኃላፊው አፍሮ ወዲያው በመስኮቱ ላይ አስለጠፈው። ሽበት ያላቸው ሁሉ የከፈሉትን ገንዘብ እየሳቁ መልሰው ተቀበሉ፤ ያንቺም ከዚህ ጋር ተመልሷል።

ዋናው ኑዛዜዬ ግን ይህ አይደለም። መምህርት ልሁን ባልሽኝ ቀን «ፈቃዱ ይሁን» ብዬ ዝም አልሁ። አንቺ ምርቃት መሰለሽ፤ ኩርፊያ ነበር። ዳኛ እንድትሆኚልኝ ነበር ምኞቴ። ብዕሬ በዚያ ባዶ ቦታ ሳያመነታ የጻፈውን እኔ ከሃያ ሁለት ዓመት በላይ በአፌ መናገር አቅቶኝ ኖሬአለሁ።

በአዲስ ተሞልቶ ማኅተም ያረፈበትን ቅጽ ለርእሰ መምህሩ አሳዪ። የተበላሸውን ቅጽ ግን ለምኜ ወስጄዋለሁና ለአንቺ ይሁን። ከግርጌው ቦታ ነበረው፤ ስሜን ጨምሬበታለሁ። ዘግይቶ የተሰጠ ነው፤ እድሳት አያሻውም፤ ክፍያም የለበትም።

አባትሽ፣
ሁለተኛው ፈቃድ ሰጪ