በሊን ተውኔት ውስጥ እናት ስሆን

ሰኞ

ታንዲ ደወለች። በሊን ተውኔት ውስጥ እናቲቱን ተጫወቺልን ትላለች። ተዋናይዋ የቴሌቪዥን ሥራ አግኝታ ጥላቸው ሄዳለች፤ ትርኢቱ ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ ይጀመራል።

ላስብበት አልኳት። ስልኩን ዘግቼ አረንጓዴ መጋረጃ ለጠየቀችኝ ደንበኛ ሰማያዊውን ቆረጥኩባት።

ክረምቱን በሙሉ ከየአገሩ የመጣን ጸሐፊዎች በየቅዳሜው እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ብራምፎንቴን ሰፈር፣ ታንዲ በምትመራት ትንሽ ቴአትር ቤት እየተሰበሰብን ተውኔት ስንጽፍ ከርመናል። በመጨረሻ የአንድ ሰው ብቻ መድረክ ላይ ይወጣል ተባለ። የሊን ወጣ፣ የእኔ ቀረ። አሁን ደግሞ ነይና የእሷን ቃል በአንቺ አፍ ተናገሪ እየተባልኩ ነው።

የሊን ወላጆች ከቬትናም በጀልባ ሸሽተው አውስትራሊያ የገቡ ሰዎች ናቸው። እሷ የተወለደችው እዚያ ነው። ጆሃንስበርግ የመጣችው ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ነው። ሁለት ልብወለድ አሳትማለች፤ አንዱን ሮዝባንክ የመጻሕፍት መደብር መስኮት ላይ ተደርድሮ አይቼው ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል አላልፍም። እኔም ሁለት ተውኔት አሳይቻለሁ። ሁለቱንም እዚሁ ሜይፌር ሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በፕላስቲክ ወንበር ለተቀመጠ ሕዝብ።

የማልወድላት ነገር፦ ዝግ ብላ መናገሯ። ሲተቿት ማመስገኗ። ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ማሰሯ። ሁሉም ሰው ስሟን በትክክል ለመጥራት መጨነቁ። እኔን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ኤስተር" ነው የሚሉኝ፤ አስቴር ነኝ ማለት ሰለቸኝ።

አሁን መልሼ ሳነበው አንዱም የእሷ ጥፋት አይደለም።

ማክሰኞ

ለታምሩ ነገርኩት። ባለቤቴ ሲበላ ካልሆነ አይመክርም፤ ሳህኑን ይዞ ሂጂ ተጫወቺ አለኝ። አንተ እኮ የእሷን ተውኔት ወደኸዋል አልኩት። ሁላችንም በየተራ ባነበብንበት ዕለት መጥቶ ነበር። የሊን ሲነበብ ሳቀ፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ሲጠርግ አየሁት። የእኔ ሲነበብ ተኛ። አላንኮራፋም፤ ተኛ ግን።

ለምን እንደተኛ ዛሬ ጠየቅኩት። እስከ ዛሬ ያልጠየቅኩት መልሱን ፈርቼ ነው።

"የአንቺ ሰዎች ብዙ ይናገራሉ" አለኝ።

ታምሩ የሆሳዕና ልጅ ነው። አማርኛን ትምህርት ቤት ነው የለመደው፤ ስለዚህ ቃል አያባክንም። አሌክሳንድራ ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ሲሠራ በብረት ፍርግርግ በኩል ከደንበኛው ጋር በሰላምታና በጣት ጥቆማ ይግባባ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ተውኔት ምን ያውቃል ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ። አልሆነም። ሳህኑን ሳነሳም ሳጥብም አንድ ቃል አልተናገርኩም። እሱ ደግሞ መኮረፌን እንኳ አላወቀም።

ለታንዲ እሺ ብዬ ጻፍኩላት። ለምን? እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩ የት እጽፋለሁ። ቀረብ ብዬ የሊን ተውኔት የቱ ጋ እንደሚያነክስ ለማየት ነው።

ረቡዕ

ጽሑፉን ይዤ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። አላነከሰም። ስፈልግ ስፈልግ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

ታሪኩ ቀላል ነው። እናቲቱ ቤቷ ሆና ለፋብሪካ ልብስ ትሰፋለች። ቋንቋ ስለማታውቅ የትም ስትሄድ ልጇ ናት የምታስተረጉምላት። አንድ ቀን ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ። ሐኪሙ ከባድ ነገር ይናገራል። ልጅቷ ለእናቷ ትዞርና "ትንሽ ድካም ነው ይላል" ትላታለች። እናቲቱ "እሺ" ትላለች። በቃ፣ "እሺ"። እኔ ብሆን ሁለት ገጽ አስለቅሳት ነበር።

ልምምድ ላይ ሊን አቅፋ ተቀበለችኝ። በመምጣትሽ ተውኔቴ ተረፈ አለችኝ። ክፉ ብትሆን ምን ነበረበት?

ልጄን የምትጫወተው ኖምሳ የምትባል የሶዌቶ ልጅ ናት። "ሳውቦና ማማ" ብላ ገና ሰላም ስትለኝ ልጅ ሆነችልኝ። ሥራዋን ታውቃለች።

ሐሙስ

ዛሬ ያደረግኩትን እንደሆነው ልጻፈው።

የሐኪሙ ትዕይንት ላይ ደረስን። ኖምሳ "ትንሽ ድካም ነው ይላል" አለችኝ። እሺ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ከራሴ ተውኔት፣ ከወደቀው፣ በጣም የምወዳትን አንዲት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ተናገርኳት። "ልጄ፣ አፍሽ ሲዋሽ አንገትሽ ይቀላል።"

በክፋት ነው ያደረግኩት። የእኔ ቃል ይህን መድረክ አንድ ጊዜ እንኳ ይርገጠው ብዬ ነው።

ማንም አማርኛ አይሰማም። ግን ሁሉም ቀጥ አሉ። ኖምሳ እጇን ወደ አንገቷ ልትልክ ምንም አልቀራትም ነበር። ሊን ከወንበሯ ተነስታ መጣችና ምን እንዳልኩ ጠየቀችኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ተረጎምኩላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ወደ ወንበሯ ተመልሳ መጻፍ ጀመረች።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ክረምቱን በሙሉ እነሱው ፊት ስትነበብ ነበር። ተውኔቴን በአማርኛ ጽፌ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ ነበር የማቀርበው፤ እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ማንም ከወረቀቱ ቀና ብሎ አያውቅም።

ወደ ቤት ስመለስ ታክሲው ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ ነበር። ትንሽ ድል ናት። ድል ከሆነች።

ዓርብ

ድል አይደለችም።

ዛሬ አዲስ የታተመ ጽሑፍ ታደለን። የእኔ መስመር ገብታበታለች፣ በእንግሊዝኛ። ሊን አስተካክላታለች። እኔ ስንት ጊዜ ታግዬ ያላቃናኋትን በአንድ አዳር አቃንታ፣ ቅልል አድርጋ፣ ምንም ሳታጎድል አስቀምጣታለች። አምራለች። ከእኔዋ ይልቅ አምራለች። ጨርቄን ሰርቃ የተሻለ ቀሚስ ሰፍታ የለበሰች ሴት ፊቴ የቆመች መሰለኝ።

ልምምድ ሳይጀመር ለብቻዋ ጠራኋት።

"ይህ ከእኔ ተውኔት የተወሰደ ነው" አልኳት። "አውጪልኝ።"

ታክሲ ውስጥ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። እሷ ግን እርሳሱን ከጸጉሯ ነቅላ እዚያው ሰረዘችው። ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ፈሰሰ። ልምምድ ላይ እዚያው የፈጠርሽው መስሎኝ ነው፣ ከጽሑፍሽ መሆኑን ባውቅ ሳልጠይቅሽ አልነካም ነበር አለች። እስከ ጆሮዋ ሥር ቀልታ ነበር፤ አፍራለች። ያንን ሁሉ ዝግጅት ይዤ ቀረሁ።

ታንዲ አዘነች። ትዕይንቱ ይጎድላል አለችኝ። ይጉደል አልኩ በልቤ።

የሊን እናት ዛሬ ከሲድኒ ገብተዋል። ነገ ፊት ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። የልጃቸውን ሥራ መድረክ ላይ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። እንግሊዝኛቸው ለገበያ ያህል ብቻ ነው አሉ፤ መጽሐፎቿንም አላነበቡም። ሊን ምሳዋን ሳትነካ መለሰች። ሳይ ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ደስ ስላለኝ አፈርኩ።

ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ ነው የታየው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ታምሩ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መጥቷል።

ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ የሊንን እናት አየኋቸው። ትንሽዬ ሴት ናቸው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ልክ ሐኪም ቤት ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው።

የሐኪሙ ትዕይንት ደረሰ። ኖምሳ ዞረችና "ትንሽ ድካም ነው ይላል" አለችኝ። መስመሬ የለችም፣ ራሴ አስወጥቻታለሁ። ያለኝ "እሺ" ብቻ ነው። እሱም አልወጣልኝ አለ። ረስቼው አይደለም። የልጅቷን ፊት ሳየው እሺ ማለት ውሸቷን ማመን መሰለኝ። የኮቷ ኮሌታ ተገልብጦ ነበር። አቃናሁላት። ከዚያ ቦርሳዬን አንስቼ ቀድሜያት ወጣሁ።

ከፊት ረድፍ አንድ አጭር ድምፅ ሰማሁ፣ የታፈነ ነገር።

ሲያልቅ ጭብጨባው ገና ሳይበርድ የሊን እናት ወደ መድረኩ ወጡ። ሊን ደረጃው አጠገብ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር፣ እጇንም ዘርግታለች። አልፈዋት ወደ እኔ መጡ። ሁለት እጆቼን ይዘው በቬትናምኛ ብዙ ነገር ነገሩኝ። አንድ ቃል አልገባኝም። ጉንጬን ዳሰሱኝ። ጣታቸው ጫፍ ደረቅና ሻካራ ነው፣ የመርፌ ጣት ነው፤ ከጨርቅ ጋር ስለምውል አውቀዋለሁ። አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ።

በትከሻቸው በኩል ሊንን አየኋት። የተዘረጋው እጇ ገና አልወረደም። ፊቷን ግን አየሁት። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ሮዝባንክ፣ የመጻሕፍት መደብሩ መስታወት ላይ የራሴን አይቼዋለሁ።

ሳትሰናበተኝ ሄደች።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስብከቱን አልሰማሁም።

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ይኸው አንቺም ቅመሺው አልኩ። ደስታው ግን እስከ ምሳ እንኳ አልቆየም። እኔ በሰው እናት ተጨበጥኩ፣ እሷ በገዛ እናቷ ታለፈች። ይህን ምን ብዬ ልደሰትበት?

ታምሩ ትናንት ከቴአትር ቤቱ ስንወጣ አንድም አስተያየት አልሰጠኝም ነበር። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መኪናውን አቁሞ፣ ቁልፉን ሳይነቅል፣ ኮሌታዋን ስታቃኚላት እናቴን አየኋት አለኝ። ከዚያ ወርዶ በሩን ከፈተልኝ። በሩን ከፍቶልኝ አያውቅም።

ሊን አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም።

ሰኞ

ሱቅ መጡ፣ ሊንና እናቷ። ሊን ከእኔ ይልቅ የጨርቁን ጥቅል ነው የምታየው።

ወንበር አቀረብኩ፤ እናትየው አልተቀመጡም። ጨርቁን አንድ በአንድ እየገለበጡ ጀርባውን አይተው፣ ጠርዙን ጎትተው፣ አንዱን ንቀው መለሱት። ትክክል ናቸው፣ እሱ ሲታጠብ ይሸበሸባል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ተናገሩ። ረጅም ነገር ነው የተናገሩት፣ መሃል ላይም ድምፃቸው ተቆረጠ።

"ጨርቆችሽን ወደዋቸዋል" አለች ሊን።

ይህን ሁሉ ስለ ጨርቅ አልተናገሩም አልኳት። ሊን እናቷን አየች፣ ከዚያ ወለሉን።

"ይህቺ ሴትዮ ሐኪም ቤት የሆንኩትን በምን አወቀች፣ አንቺ ነሽ ወይ የነገርሻት ነው የሚሉት" አለች። "እኔ ያንን ታሪክ ሁለት ልብወለድ ውስጥ ጽፌዋለሁ አስቴር። ስለ መጽሐፎቼ አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ያን ዕለት መዋሸቴን ያውቁ እንደነበርም የነገሩኝ ቅዳሜ ማታ ነው፤ በአንቺ ምክንያት።"

አስቴር አለችኝ። አስተካክላ ጠራችኝ።

ቀጠለች። ቅዳሜ ዕለት ጠልቼሽ ነበር አለችኝ። እንዲህ ብሎ ፊት ለፊት የነገረኝ ሰው የለም፤ በአገሬ ቢሆን በሰው በሰው ነበር የምሰማው። እኔ ከክረምት ጀምሮ ነው የጠላሁሽ አልኳት። ስለ መደብሩ መስኮት ነገርኳት፣ ስለ ታምሩ እንባ፣ ስለ መስመሬ፣ የእሷዋ ከእኔዋ ስለመሻሏ። አልተሻለችም ብላ ትከራከረኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ተሽላለች ግን ያንቺ ናት፣ ውሰጃት ብላ እንግሊዝኛውን ጽፋ ሰጠችኝ።

ስንሳሳቅ እናትየው ምን እንደተባባልን ጠየቁ። ሊን ተረጎመችላቸው፣ የአሁኑን ሁሉንም መሰለኝ፣ ምክንያቱም ረጅም ነበር። እሳቸው ሁለታችንንም አየት አድርገው ወደ ጨርቁ ተመለሱ። አንዲት ቡናማ መረጡ። በዋጋ ሊከራከሩኝ ሲሞክሩ በምልክት ተከራከርን፤ አሸነፉኝ።

ማክሰኞ

ጠዋት ገና ሱቁን ስከፍት ሊን ደወለች። እናቷ እስከ እሑድ ይቆያሉ፣ የቀረውን ትርኢት በሙሉ ካላየሁ ብለዋል። ታንዲ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ተውኔት መቀበል ጀምራለች። አሁንም የሚመረጠው የአንድ ሰው ነው።

ከዚያ ሊን፣ በዚያች ዝግ ባለች ድምጿ፣ አዲስ ጀምሬያለሁ፣ ሌሊቱን አልተኛሁም አለችኝ።

ቀናሁ። ያው በሽታዬ ነው፣ የትም አልሄደም። ትናንት ተቃቅፈን የተለያየን ሰዎች ነን እኮ።

"እኔም ጀምሬያለሁ" አልኳት።

አልጀመርኩም። አንድ ቃል የለኝም። እሷ ግን እውነት ደስ ብሏት ስለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ገና ነው፣ አልናገርም አልኳት። ልክ ነሽ፣ አትናገሪ አለች።

ስልኩን ዘግቼ "ተመልሼ እመጣለሁ" የሚለውን ካርቶን መስታወቱ ላይ ሰቀልኩ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ እስክሪብቶ ፍለጋ መሳቢያውን በሙሉ ገለበጥኩት።