ማን ተስማማ?

ጥቅምት 4፣ 2003
ሳይት ላይ ሶሌታ፣ የፎቁን ወለል ኮንክሪት፣ ስናስሞላ ዋልን። ጫማዬ ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። ጉርድ ሾላ ታክሲ ጠፍቶ ግማሹን መንገድ በእግሬ... ማታ ቤኪ ደወለ። ‹‹ቅዳሜን እንዳትረሺ!›› የጋብቻ ትምህርት ልንጀምር ነው። ሠርጋችን ለጥር። ደስ ብሎኛል።

ጥቅምት 6
የሚያስተምሩን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ቀጀላና ባለቤታቸው እትዬ አገርነሽ ናቸው። እሳቸው ይናገራሉ፤ እትዬ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይሰማሉ።
‹‹ፌበን፣ ከሠርጉ በኋላ ሥራውስ እንዴት ይሆናል?›› አሉኝ ጋሽ ቀጀላ።
ቤኪ ቀደመኝ። ‹‹ታቆማለች። ተስማምተናል።››
መቼ? የት? እኔ ግን ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ?

ጥቅምት 7
ከአምልኮ ስንወጣ፣ መቼ እንደተስማማን ቤኪን ጠየቅኩት። ‹‹ሳይት እየዋልሽ ቤቱስ? ፌሚኒስት ሆንሽብኝ እንዴ?›› ቀልድ ይሁን ስድብ አልለየልኝም። ብቻ አፌን ዘጋኝ። ‹ፌሚኒስት› የሚለው ቃል ሥራም ይሄው መሰለኝ... ወሬውን ሳይጀመር መጨረስ።

ጥቅምት 13
የዛሬው ትምህርት ስለ ግጭት ነበር። ጋሽ ቀጀላ፣ ‹‹እኔና አገርነሽ ይኸው ልጆች ድረን፣ አንድ ቀን ተጣልተን አናውቅም›› አሉ።
‹‹ዝም ስለምል ነው›› አሉ እትዬ አገርነሽ።
‹‹ምን አልሽ?››
‹‹ዝም ስለምል ነው። አስተማሪ ነበርኩ፤ ተይ አልከኝ፣ ተውኩ። ቅር ይልሽ እንደሁ ብለህ አልጠየቅከኝም። እኔም አልነገርኩህ።››
ድምፃቸው ከፍ አላለም። ጋሽ ቀጀላ መጽሐፍ ቅዱሱን ሲያገላብጡ ቆዩ፤ አንድም ቃል ግን አላነበቡም።
ያኔ ነው ከአፌ የወጣው። ‹‹እኔም አልተስማማሁም።››
ቤኪ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ጥቅምት 15
አልደወለም። እማዬ፣ ‹‹ሁሉ ነገር ሰው ፊት ይወራል?›› አለችኝ። ታዲያ የት ይወራል?

ጥቅምት 21
ትናንት ትምህርቱ ቀረ። ዛሬ ከአምልኮ በኋላ ቤኪ ጠበቀኝ። በባሕር ዛፉ መሐል ያለውን መንገድ ይዘን ወደ እንጦጦ ወጣን።
‹‹ሰው ፊት አዋረድሽኝ።››
‹‹አንተስ ሰው ፊት አልወሰንክልኝም?››
ቆመ። ‹‹ብጠይቅሽ እምቢ ትይኝ ነበር።››
‹‹አዎ፣ እምቢ እል ነበር።››
‹‹አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልጠየቅኩሽ።››
እስከ ዛሬ ከነገረኝ ሁሉ እውነቱ ይሄ ነው። አለቀስኩ። አልታረቅንም... ግን እያወራን ወረድን።

ኅዳር 5
ጋሽ ቀጀላ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አስቆሙኝ። ከስተዋል። ‹‹አገርነሽ ማውራት ጀመረች›› አሉኝ። ‹‹የተጠራቀመ ነው ልጄ፤ ማለቂያም የለው።›› ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል፣ ‹‹ተይው፣ ልስማት›› አሉ።
ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆኗል። እማዬ አኩርፋለች። ሥራዬን አልተውም። ቤኪ አሁንም ከብዶታል፤ ይናገራል፣ እመልስለታለሁ። ቀኑን ማን ቆረጠው? ሁለታችን... ስንቴ ተጣልተን!